በእጄ የገጣጠምኩት ኮምፒውተር

ሙኩካ፣

የበቆሎ ገንፎው፣ ንሺማው፣ ድስት ውስጥ ነው። ዓሣውን በሙሉ ላንተ ትቼዋለሁ። መጀመሪያ ብላ፣ ከዚያ አንብብ።

ኮምፒውተርህ አይነሳም።

"ተገጣጥሞ ያለቀ የሚገዛ ሰነፍ ነው" ብዬ የሳቅኩብህን ታስታውሳለህ። እኔ የገጣጠምኩት ግን ጨዋታ በጀመርኩ ቁጥር ድርግም ይል ነበር። የቱ ዕቃ እንደተበላሸ ለማወቅ፣ አንተ ሥራ ስታመሽ ካንተው ላይ ሚሞሪውን ተዋስኩ። ቀጥሎ ማራገቢያውን፣ ቀጥሎ የግራፊክስ ካርዱን። በመጨረሻ ያንተ ዕቃ አንድም ሳይቀር ገባና ሠራ።

ትናንት አይተኸው "እጅህ ይባረክ፣ ከኔው ይበልጣል" አልከኝ።

ንዶላ ከተማ፣ እህቴ ጋ ሄጃለሁ፤ እሁድ እመለሳለሁ። እስከዚያ በኔው ተጫወት። ውስጡ ያንተ ነው። የኔ ሳጥኑና ሰማያዊዋ መብራት ብቻ ናቸው።

መብራቷን ከወደድካት ውሰዳት።

ሉቢንዳ