ወንዝ ዳር የተናገረችው እድላዊት

ብዙዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? አቃቂ እህቴ ዘንድ ከመጣሁ ሳምንት ሆነኝ። ትናንት ጎረቤቷ መምህርት ዕፀገነት የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቿን ወንዝ ዳር ስታስተምር አብሬያት ዋልኩ።

«ውሃው እዚህ ጋ ለምን ቀስ ይላል?» ብላ ጠየቀቻቸው። እድላዊት የምትባል ልጅ፣ «ወንዙ ስለሚሰፋ ነው። ያመጣውን አፈርም እዚሁ ይጥለዋል፤ አባቴ ሽንኩርት የሚተክለው እሱ ላይ ነው» አለችና ማሳውን በእጇ አሳየች። ዕፀገነት ትንሽ አየቻትና፣ «ነይ፣ እዚህ ቆመሽ ለሁሉም አስረጂልኝ» አለቻት። ልጆቹም የምትለውን ደብተራቸው ላይ ጻፉ።

ስንመለስ ዕፀገነት፣ «ዓመቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አይገባትም ብዬ ክፍል ላስደግማት ነበር» አለችኝ። እስከ ቤት ድረስ ስለ እሷ ብቻ አወራን።

አንቺን አሰብኩ። እዚህ በፋብሪካና በከባድ መኪና መሃል አልፈው ወንዝ ይወርዳሉ፤ እኛ ቡታጅራ የምናስተምረው ግን ሐረ ሸይጣን ሐይቅ አጠገባችን እያለ ሐይቅን ሰሌዳ ላይ እንስላለን። አምና ሐይቁ ዳር ወስደሻቸው አንዷ ተማሪ እግሯ ወለም ብሏት ወላጆቿ ከተቆጡሽ ወዲህ ይዘሻቸው መውጣት ተውሽ። ብቻሽን ሃምሳ ልጅ መጠበቅ አትችዪም ነበር። አብረሽኝ ነይ ስትዪኝ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ እስካሁን ግን ይቅርታ አልጠየቅኩሽም። ልጆቹን ይዘሽ ለመውጣት ርዕሰ መምህሩን ፈቃድ ጠይቂ፤ አሁን ከኋላ ሆኜ የምጠብቃቸው እኔ ነኝ።

የምጽፍበት ፖስትካርድ ሞላብኝ። ለባለቤትሽ ለበዛብህ ሰላምታዬን አድርሺ፣ ሕፃኗን ሳሚልኝ።

ፈርዶሳ