ባዶ በረቴን ላሸጉልኝ የእንስሳት ጤና ኃላፊ

ለተከበሩ የወረዳችን የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ አላህ ጤናዎን ያብዛልዎ እላለሁ፤ ለቤተሰብዎ፣ ለጸሐፊዎ፣ ከግቢዎ ወጥቶ ለማያውቀው ነጭ መኪናዎም ጭምር ሰላምታዬ ይድረስልኝ። እኛ የቲዚ ንውሊ መንደር ሴቶች ደኅና ነን፤ ደኅና ያልሆኑት በጎቻችን ናቸው። ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነውና፣ የተሳሳትኩት ቢኖር እንደ በሽታው አይተው እንዳላዩ ይለፉኝ።

አንደኛ፣ ስለ ደሙ ላመሰግንዎ። በመጋቢት ሠራተኞችዎ የበጎቻችንን ደም በትንንሽ ብልቃጥ ቀድተው ሲሄዱ ውጤቱ በሳምንት ይደርሳል ብለውን ነበር፤ ደረሰም፣ በአርባ ሰባተኛው ቀን። ደስታ መሰል የሚባለው የበግና የፍየል በሽታ ቫይረስ ተገኝቷል ይላል። እኛ ግን ዓይንና አፍንጫቸው እየፈሰሰ፣ አፋቸው እየቆሰለ የሞቱ አሥራ አንድ በጎች ቀብረን ስለነበር፣ ዜናው እምብዛም አላስደነገጠን።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ። መዝገብዎ ላይ ከስሜ አጠገብ የቤቴ አድራሻ ስለተጻፈ፣ በሽታውም እቤቴ ይኖራል ብለው በረቴን በቀይ ጥብጣብ አሳሽገውልኛል። ክቡርነትዎ፣ በረቱ ውስጥ የነበሩት ሁለት ዶሮዎች ናቸው። በአገራችን የሰባት ቤት በግ በአንድ መንጋ ተቀላቅሎ በተራ እንደሚጠበቅ፣ የማን እንደሆነም በጆሮው ቅድ ብቻ እንደሚለይ ከእርስዎ በቀር የማያውቅ የለም። የእኔዎቹ ያን ጊዜ ከስድስት ቤት በጎች ጋር ከአንድ ገንዳ ይጠጡ ነበር። ተረኛው እረኛ ባሶ ይህንኑ ለሠራተኛዎ ቢነግረው፣ «አንተ ሰውዬ፣ እኔ የታዘዝኩት በረት እንዳሽግ ነው፤ በግ ፍለጋ ተራራ እንድወጣ አይደለም» አለው። እንደ እመቤት «ላላ» ብለን የምናከብራት ጎረቤቴ ይዛም፣ «እሰይ የኔ ልጅ! እንግዲህ ዶሮዎቹን ካስነጠሳቸው እንጠራሃለን» ብላ ሸኘችው።

ሦስተኛውን ላሳጥረው። ስልክ ብደውል ጸሐፊዎ፣ «ላላ ኢጦ፣ በሽታው በቁጥጥር ሥር ነው» አለችኝ። በማን ቁጥጥር ብዬ ስጠይቅ ስልኩ ተቋረጠ።

አሁን የሆዴን ልንገርዎ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ አግዳል፣ ሣሩ እስኪያድግ ሁላችን የምንከለክለው የተራራው ግጦሽ፣ ይከፈታል። የአምስት መንደር መንጋ በአንድ ጠዋት እየተጋፋ ይገባበታል። የቀሩኝ ሃያ ስድስት እናት በጎች ናቸው። ባል የለኝ፣ መሬት የለኝ፤ እነሱ ካለቁ ከተማ ወርጄ የሰው ልብስ ማጠቤ ነው። ካልገቡ ረሃብ፣ ከገቡ በሽታ ይጠብቃቸዋል። ክትባቱ ማቀዝቀዣዎ ውስጥ ተመቻችቶ እንደተቀመጠ ሰምተናል፤ ካልከበደዎ ከእነዚህ ዘጠኝ ቀናት በአንዱ ከበጎቹ ጋር ያስተዋውቁልን።

ወንበርዎ ይድላዎ፣ ማኅተምዎ አይድረቅብዎ፤ ለዕድሜዎ መርዘም ዘወትር የምትጸልይ ታዛዥዎ፣

ኢጦ ኡሓዱ፣ ከቲዚ ንውሊ

ማስታወሻ፦ በሽታው ከየት እንደመጣ መከታተል የእርስዎ ሥራ መሆኑን ባላጣውም፣ ሥራ ስለሚበዛብዎ እኔና ላላ ይዛ መጀመሪያ የታመመው የትኛው በግ እንደነበር ቤት ለቤት ጠይቀን ደርሰንበታል። ዝርያ ያሻሽላል ተብሎ በጥር ከጽሕፈት ቤትዎ የተሰጠን ያ ግዙፍ አውራ በግ ነው፤ በመጣ በአምስተኛው ቀን ማሳል ጀመረ። ወንድሞቹ ከቢሮዎ ጀርባ ታስረው ወደ ሌሎች መንደሮች ለመሄድ ተራ ይጠብቃሉ። እስከ ሐሙስ ደማቸውን ካላስመረመሩ፣ ዓርብ ገበያ መሐል ቆሜ ለአምስቱም መንደር እኔው እናገራለሁ፤ ድምፄ ደግሞ እንደ ደብዳቤዬ ትሑት አይደለም።