ብዙ ሰው ያሻገረ ሆድ

ኦክላንድ፣ ጥቅምት 1985 እ.ኤ.አ.

ውድ ጋሻው፣

ስደውልልህ ስልኩን ስለማታነሳ ነው የምጽፍልህ። ባለፈው እሑድ ሳን ሆዜ ድረስ መጥቼ በርህን አንኳኩቻለሁ። መኪናህ ቆሟል፣ ቴሌቪዥኑ ይሰማል፣ በሩ ግን አልተከፈተም። አልተቀየምኩም ብዬ አልዋሽህም። ቢሆንም ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አንብበው። መጨረሻው ላይ የምጠይቅህ አንድ ነገር አለ፤ የምጠይቅህም ለራስህ ነው።

በቅድሚያ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ እንነጋገር። ከቅዳሴ በኋላ ከሰዉ ፊት ቆሜ የተናገርኩት ትንሽ ነገር ነበር። ቢልሃርዚያ የሚባለው ትል በወንዝና በቦይ ውሃ በኩል ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፣ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ጉበት ያበላሻል፣ መድኃኒቱ በአንድ ቀን የሚዋጥ እንክብል ነውና ሁላችንም እንደገና እንመርመር፤ ያልኩት ይህንኑ ነው። ጋሼ መንገሻ ተነሡ።

«ልጄ፣ ንጹሕ ናችሁ ብለው ነው ያስገቡን። አሁን በገዛ አፋችን ትል አለብን ልንላቸው ነው? ግሪን ካርዱን ቢቀሙን አንቺ ትመልሺልናለሽ?»

ከኋላ አንዱ፣ «ንጹሑ የጋሻው ሆድ ነው፤ እኛማ አጃቢ ሆነን ነው የመጣን» ሲል አዳራሹ በሳቅ ሞላ። አንተም ሳቅህ። ቀጥሎ አንዲት ሴት፣ «ለመሆኑ አንቺ ለማን ነው የምትሠሪው?» አለችኝ። ያኔ የሳቀ አልነበረም። አንተ ጫማህን ታይ ነበር።

ጥያቄዋ ለምን እንዳቃጠለኝ ካንተ የተሻለ የሚያውቅ ሰው የለም።

እስቲ የሱዳኑን ዋድ መዳኒ አስታውስ። ከጥጥ እርሻው ቦይ ዳር ሰፍረን፣ ለአሜሪካ ጉዞ ስማችን ወጥቶ ነበር። ሰገራው ውስጥ ትል የተገኘበት ሰው ታክሞ እስኪድን ይቆያል ተባለ። አንዴ ከበረራው የቀረ ሰው ተራው መቼ እንደሚደርሰው የሚነግረው እንዳልነበረ ታውቃለህ። አንተ ከከሰላ ከመጣህ ገና ሳምንትህ ነበር። መጀመሪያ ተመርምረህ ንጹሕ ተባልክ። በማግስቱ ጋሼ መንገሻ የሁላችንን የሰገራ መመርመሪያ ብልቃጥ ባዶውን ሰብስበው መጡ። «ጋሻው ልጄ፣ እግዜር አንተን ባርኮሃል፤ ለወገንህ አካፍል» አሉህ። አፍረህ መሬት መሬት እያየህ አካፈልከን። «የጋሻው ሆድ ቪዛ አለው» እየተባለ ስንት ቀን ተሳቀ። እኔም የተሻገርኩት ባንተ ነው። ዛሬም ቢሆን አደርገው ነበር።

እዚህ ከመጣን በኋላ፣ አዲስ አበባ ጀምሬ ያቋረጥኩትን ባዮሎጂ ጨርሼ የስደተኞችን ጤና የሚያጠና ላቦራቶሪ ውስጥ ስቀጠር፣ መጀመሪያ በማይክሮስኮፕ ያየሁት የራሴን ነው። ጎኑ ላይ እሾህ ያለው የትሉ እንቁላል ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ታከምኩ። ከዚያ የሌሎቹን ሰዎቻችንን ስመረምር አንዱም ላይ አለ፣ ሌላውም ላይ አለ። አለቃዬ የሱዳኑን ውጤት ከእኔ ውጤት አጠገብ አስቀመጠና፣ «ሉሊት፣ እነዚህ ሰዎች ሁሉ ኔጌቲቭ ናቸው። ወይ ስላይዶችሽን በክለሻል፣ ወይ ማግኘት የፈለግሽውን ነው ያገኘሽው» አለኝ።

«የሱዳኑ ናሙና ሁሉ የአንድ ሰው ነው» ብዬ ብናገር ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። አልተናገርኩም። ሰዎቼን አሳልፌ አልሰጥም አልኩ። ጥናቱን ነጥቀው ለሌላ ሰጡት፣ እኔን ዕቃ አጣቢ አደረጉኝ። አሁንም የላቦራቶሪውን ስላይድና ብርጭቆ ሁሉ የማጥበው እኔ ነኝ። ይህን ሌክ ሜሪት ሐይቅ ዳር ተቀምጠን ነግሬሃለሁ፤ እጄን ይዘህ ነበር የሰማኸኝ። ያ እጅ አዳራሹ ውስጥ ቢነሣና «ይቺ ልጅ እኛን ብላ ነው የተዋረደችው» ብትል ኖሮ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ምናልባት አልሰማህም። እንደኛው ባንተ የተሻገሩት እትዬ ሸዋረጋ በሚያጸዱት ሆቴል አልጋ እያነጠፉ ሳለ ደም አስታወካቸው። ከሆስፒታል ደውለውልኝ ላስተረጉም ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው።

«በሳምንት ስንት ብርጭቆ ይጠጣሉ?» አለ።

«የምን ብርጭቆ?» አሉኝ።

«መጠጥ ነው የሚለው፣ እትዬ።»

«ለጥምቀት ጠላ ቀምሻለሁ በይው። እሱም ውሃ ውሃ ይል ነበር።»

ሐኪሙ አላመናቸውም። «ሲያፍሩ ይደብቃሉ» አለኝ በሹክሹክታ። በመጠጥ የተበላሸ ጉበት መስሎታል። ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። «እኒህ ሴት ጣና ዳር ነው ያደጉት፤ ከዚያም ለዓመታት የጥጥ ቦይ ዳር ኖረዋል። ያፍራሉ ማለቱን ትተህ ቢልሃርዚያ ፈልግ» አልኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። ካርዳቸው ላይ አንድ ነገር ጽፎ ወጣ። በማግስቱ ጠርቶኝ ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀመጠኝ። ያው እሾህ ነው። ትሉን መድኃኒቱ ይገድለዋል፤ የተጎዳው ጉበት ግን እንደነበረው አይሆንም አለኝ። ቀድመን ደርሰንላቸው ቢሆን ኖሮ እያልኩ እስካሁን አስበዋለሁ።

ስለ ግሪን ካርዱ ጠየቅሁት። «እኔ የማክመው በሽተኛ ነው፤ ለኢሚግሬሽን ደብዳቤ አልጽፍም። የምታመጪውን ሰው ሁሉ እመረምራለሁ፣ ሱዳን ምን ተባልክ ብዬም አልጠይቅም» አለኝ። እትዬ ሸዋረጋ ይህን እንደሰሙ አልጋቸው ላይ እንዳሉ ስልክ አስነሥተው ጋሼ መንገሻን ያዟቸው።

«መንገሻ፣ ግሪን ካርዱን መቃብሬ ላይ ትለጥፍልኛለህ?»

በሳምንቱ ጋሼ መንገሻ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከረባታቸውን አስረው፣ የወረቀት ከረጢት ይዘው ቤቴ መጡ። ከረጢቱን እንደ ስጦታ በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። «ይኸው፤ የራሴ ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «ልጄ፣ አዳራሹ ውስጥ የተናገርኩሽን እዚያው አዳራሽ ውስጥ አነሣዋለሁ» አሉኝ። አነሡትም። ከዚያ ወዲህ ሳን ሊያንድሮ ያሉትን አፓርታማዎች በር በበር አዳርሻለሁ። የሚሳደብም አለ፣ ብልቃጡን ተቀብሎ በሩን ፊቴ ላይ የሚዘጋም አለ። በሩን የዘጋው በማግስቱ ሞልቶ ያመጣዋል። አለቃዬ እስካሁን ይቅርታ አላለኝም። ይቅርታ ባይጠይቀኝም ሥራው አይቆምም። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የምማረው ይህንኑ በሽታ ነው። እንክብሉ ትሉን ይገድላል፤ ቦዩ፣ ትሉ የሚራባበት ቀንድ አውጣና ሽንት ቤት የሌለው ሰፈር ግን እዚያው አሉ። ሰዉ ተመልሶ እዚያው ውሃ ውስጥ ይገባል። ስጨርስ ወደነዚያ ቦዮች እሄዳለሁ። ዕቃ አጣቢ ናት የሚሉኝ ይበሉ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። «ጋሻውስ?» ስላቸው ሁሉም የሚመልሱልኝ አንድ ነው። «ጋሻውማ ንጹሕ ነው፤ ምን ያደርግለታል?» አንተም እንደዚያ እንደምታስብ አውቃለሁ።

በተመረመርክ ጊዜ ከመጣህ ሳምንትህ ነበር። ትሉ ገብቶ ቢሆን እንኳ እንቁላል ለመጣል ከወር በላይ ይፈጅበታል። ከዚያ በኋላ በረራውን ስንጠብቅ በከረምንባቸው ወራት ሴቶቹ ውሃ ውስጥ አይግቡ ብለህ፣ እስከ ጭንህ ቦዩ ውስጥ እየገባህ ለሁላችን በጀሪካን የቀዳህልን አንተ ነህ። ማታ እግርህን ስታክ ትንኝ ነው ትል ነበር። በኋላ የያዘህን ትኩሳት ወባ ነው ያልነው ሁላችንም ነን። ባለፈው ክረምት ደግሞ ከሳኒቬል ፋብሪካ ስትመለስ ጎንህን ይዘህ ደረጃው ላይ ስትቀመጥ አይቼሃለሁ። «የካፊቴሪያቸው ምግብ ነው» አልከኝ። አላመንኩህም፤ ያኔ ግን ምን እንደምል አላወቅሁም።

ጋሻው፣ አንተ ለሁላችን ተመረመርክ፤ ለራስህ ግን የተመረመርከው አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም ገና ቦዩ ውስጥ ሳትገባ ነው። በእትዬ ሸዋረጋ ላይ ዘግይቻለሁ፤ ባንተ ላይ አልዘገይም። ስለ እኛ ሁለታችን፣ ስለዚያ ዝምታህ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን፤ ይቅር ማለቴን ገና አልወሰንኩም። ለመወሰን ግን ጤነኛ ሆነህ ፊቴ መቆም አለብህ።

ቅዳሜ ጠዋት ኦክላንድ የሆስፒታሉ በር ላይ እጠብቅሃለሁ፤ አድራሻው ከዚህ ጋር አለ። ናሙናህን በፖስታ እንዳትልከው፣ ይዘኸው ና። ካልመጣህ እሑድ ሳን ሆዜ በርህ ላይ ነኝ፤ ቴሌቪዥኑን ብታጠፋም አልመለስም።

ከደብዳቤው ጋር በላክሁት እሽግ ውስጥ ያለውን ብልቃጥ ተጠንቅቀህ ክፈተው። ክዳኑ ላይ በእጄ የጻፍኩት ስም አለ፤ የማንም ሳይሆን ያንተ ስም ነው።

ከበርህ የማልመለሰው፣
ሉሊት