ከአውታሩ ሥር ያለው ቆዳ

መተማ፣ ጥር 28 ቀን 1972 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ መሐመድ፣

ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ከገዳሪፍ የላክኸው ወረቀት በሰሊጥ መኪና ደረሰኝ። ከካርቱም የመጡት የባንድ ሰዎች ወደውሃል፤ አለቃቸው ግን «ከጊታርህ ያን ቆዳ ካላወጣህ ከእኛ ጋር አትጫወትም» ብሎሃል። ላውጣው ወይስ ልተወው ብለህ ጠየቅኸኝ።

ስሜ ዳኛው ይሁን እንጂ በሙዚቃ ላይ ዳኛ አይደለሁም። የሆነውን ግን አስታውሳለሁ። ካሴቱን ይዘህ ጋራዥ ስትገባ ትራክተር ሥር ተኝቼ ነበር።

«ሳይኬደሊክ ሮክ ይሉታል። ከካሊፎርኒያ ካርቱም፣ ከካርቱም እኛ ዘንድ» ብለህ ከፈትኸው።

ጊታሩ እንደ ተርብ ቀፎ ያጉረመርማል። ቀና ስል ራሴን ከብረቱ ጋር አጋጨሁት።

«ይኸማ በገና ነው» አልሁህ።

«አያ ዳኛው፣ ፈረንጅ በገና ከየት ያመጣል?»

«እኔ ምን አውቄ። ከአውታሩ ሥር ግን ቆዳ አለ።»

በዚያው አመንን። ከበገናዬ እንዝራውን፣ ያን አውታሩን የሚያስነዝረውን ቁራጭ የፍየል ቆዳ፣ አውጥቼ በጊታርህ አውታሮች ሥር ወተፍነው። ነዘረም።

በቀበሌው አዳራሽ ስትጫወት ሊቀ መንበሩ አምባው ያለህ ትዝ ይልሃል? «ጓድ መሐመድ፣ ይህ ድምፅ የኢምፔሪያሊስት ነው ወይስ የሰፊው ሕዝብ?»

«የፍየል ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

አምባው ሳይወድ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሳንጃም አብደራፊም ያላንተ ሰርግ አልተደገሰም። ለሰሊጥ አጨዳ የወረዱት ወሎዬዎች እንኳ ትከሻቸውን ሰበቁበት።

አሁን ያ የባንዱ አለቃ፣ የካሴቱ ድምፅ የሚወጣው ከኤሌክትሪክ ሳጥን እንጂ ከቆዳ አይደለም ካለህ እውነቱን ነው። ተሳስተን ነበር። እሱ ግን ሳጥኑን ከሱቅ ይገዛዋል፤ የእኛን ከየት ይገዛል? አታውጣው። ባንዱ ቢቀርብህም ይቅርብህ። ጆሮ ያለው ሌላ ባንድ አይጠፋም።

ያልነገርሁህ አንድ ነገር አለ። ቆዳውን በቀላሉ የሰጠሁህ ለጋስ ሆኜ አልነበረም። ባለቤቴ ውባንች ካረፈች ወዲህ በገናውን መንካት አቅቶኝ ነበር። በዐቢይ ጾም ስደረድር ከጓዳ ሆና «ስድስተኛው አውታር ተኝቷል፣ አይነዝርም፤ ቀስቅሰው» ትለኝ ነበር። እሷ ከሌለች ማን ይሰማልኛል ብዬ ነው አውጥቼ የሰጠሁህ። ያው ድምፅ ግን በየሰርጉ ከአንተ እጅ ሲወጣ እየሰማሁ ሆዴ ለመደ። ሳታውቀው አቆየህልኝ።

ከዚህ ወረቀት ጋር አዲስ ቁራጭ ልኬልሃለሁ፤ የድሮው ሲያልቅ ቀይረው። ከዚያው ከአንዱ ፍየል የተረፈውን ከራሴ አውታሮች ሥር አስገብቻለሁ። ሰኞ ጾሙ ይገባል።

ዛሬ ከሥራ ስመለስ ሞከርሁት። ስድስተኛው ተኝቶ ነበር። ራሴ ቀሰቀስሁት።

በሄድህበት ሁሉ ፈጣሪ ይከተልህ።

ወንድምህ ዳኛው