የሱማርኒ ትንሽ ቢላዋ

ጌጤዬ፣

የምጽፍልሽ ከኢንዶኔዥያ፣ ከአንድ የሩዝ ገበሬዎች መንደር ነው። እዚህ አዝመራ ሲደርስ ማሳው የማንም ይሁን፣ ልጨድ ብላ የመጣች ሴት አትመለስም፤ ካጨደችው ላይ ድርሻዋን ይዛ ትገባለች። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ሱማርኒም ዛሬ በማለዳ ከጎረቤቶቿ ጋር ወጣች፤ እኔም ተከተልኳቸው። ሩዙ እንዳይደነግጥ ብለው የሚያጭዱበትን ትንሽ ቢላዋ መዳፋቸው ውስጥ ደብቀው ነው የሚቀርቡት። ስንደርስ ግን ባለማሳው የተከራየው ማሽን ግማሹን አጭዶታል። አንቺ እንኳ እዚያ ለንደን፣ ፓርክ ሮያል ያለው ሥራሽ ላይ ሽፍትሽ ካንስል ሲደረግ ቴክስት ይልኩልሻል፤ እነዚህን ግን ማንም አልነገራቸውም። አልጮኹም፣ አልተራገሙም። ማሽኑ እስኪጨርስ ማሳው ዳር ቆመው አዩትና ተበተኑ።

ምሳ ላይ ሱማርኒ የሱቅ ሩዝ አቀረበችልኝ። «ይቅርታ፣ የእኛ አይደለም» አለችኝ፤ ልጇ ናት ያስተረጎመችልኝ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፣ ጽሑፌን አጥብቤ ነው የምጨርሰው። የእናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ። እሁድ ቸርች ስትሄዱ ሱማርኒን በጸሎት አስቧት። ይህን ስጽፍልሽ ደጅ ተቀምጣ ያንኑ ቢላዋ እየሳለች ነው።

ማህደር