አባትሽ የፈረመበት ወረቀት

ልጄ፣ የሄድሽበት ሁሉ ይቅናሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ወንድሜ፣ አጎትሽ ማለቴ ነው፣ ምክር ቤት ከገባ ወዲህ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው። ደጃችን ያለው የፍሳሽ ቦይ እንዲከደን የሰፈሩን ሰው ሁሉ አስፈረምኩ አለ፤ ሳምንቱን ሙሉ ግን ከፀጉር ቤቱ ወንበር አልተነሳም። ወረቀቱን ሳየው ያንቺም ፊርማ አለበት። ነፍሱን ይማረውና አባትሽም ፈርሟል፤ በቁሙ እንኳ እንዲህ አሳምሮ ፈርሞ አያውቅም። ምክር ቤቱ ነቅቶበት መለሰው። እኔው በዚህ ጉልበቴ ቤት ለቤት ዞሬ እውነተኛውን አስፈረምኩ። ትናንት መጣና፣ "እትዬ፣ ስጪኝ፣ በእኔ ስም ላስገባው" አይለኝም? እስከ ቦዩ ድረስ ሸኘሁት።

ቦዩ ተከድኖ በላዩ ተራምደሽ ለመግባት ያብቃሽ። ደብዳቤሽን ግን በራስሽ እጅ ፈርሚልኝ፤ ያለዚያ እሱ የጻፈው ይመስለኛል።

እናትሽ