በጓድ ሊቀመንበር ላይ ስለጮኸው የጨረር መለኪያ

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ በላይነህ፣ ለቀበሌያችን ሊቀመንበር
ደብረ ታቦር፣ ኅዳር ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

የጉና ብርድ ጤናዎን እንዳይነካው፣ ድምፅዎም ለመጪው ስብሰባ እንዳይዘጋ ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ ትናንት በቸርነትዎ ከእስር የተፈታሁት የፊዚክስ መምህር እሸቴ ወርቁ፣ ምስጋናዬን ሕዝብ ሁሉ ያነበው ዘንድ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

በምርመራው ደጋግሜ እንዳስረዳሁት፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት ከአፈር፣ ከድንጋይና ከምንጭ ውኃ በተፈጥሮ የሚወጣውን ጨረር በመለካት፣ ሰው ላይ የሚያርፈውንም መጠን በማስላት ነው። በእብናት መንገድ ዳር የሚያርሱት እማማ ፈንታነሽ ጥቂት አፈር ብለምናቸው፣ «ውሰድ ልጄ፤ ግብሩንም አብረህ ውሰድልኝ» ብለው ስቀው ፈቀዱልኝ። እርስዎ ግን ንቁ ነዎትና መለኪያዬን «የጠላት ሬዲዮ» ብለው ከነባለቤቱ አሰሩት። እውነቱን ልናገር፣ በዚያ እስር ቤት በር ገብተው ያልወጡ ሰዎች አውቃለሁ።

ከምስጋናዬ በፊት ሁለት ቅሬታዎች አሉኝ፤ አንደኛው ስለ ምርመራው ነው። ጣትዎን ወደ እኔ በቀሰሩ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ያለው መለኪያ እንደ ተልባ ሲንጣጣ፣ «ለማን ነው የሚያሳብቅብኝ?» ብለው ከወንበርዎ ዘለሉ። ጥፋቱ የእጅ ሰዓትዎ ነበር፤ በጨለማ የሚያበሩት ቁጥሮቹ የተቀቡበት ራዲየም ጨረር ይረጫል። ይህን ላስረዳ ብል «ዝም በል!» አሉኝ፤ እኔ ዝም አልኩ፣ መለኪያው ግን ሥርዓት አልተማረምና ቀጠለ።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ሳላስበው ምስጋና ሆነ። ሰው በድንጋይ ቤት ውስጥ ቀን ከሌት ሲኖር የሚያገኘውን ጨረር ላጥና ብዬ ፈቃድ ስጠይቅ ከልክለውኝ ነበር፤ ኋላ ግን ቤቱንም፣ ጊዜውንም፣ ዘበኛውንም በነጻ ሰጡኝ። ለዚሁ ጥናት ደረቴ ላይ የሰካኋትን ትንሽ የጨረር መመዝገቢያ ዘበኛው ሙላቴ ሜዳሊያ መስላው በየማለዳው ቀጥ ብሎ ሰላምታ ይሰጠኝ ነበር፤ እንዲህ ያለ ክብር በዩኒቨርሲቲ እንኳ አላገኘሁም።

ከሁሉ የሚልቀው ግን የፍርድዎ ጥበብ ነው። ሰዓትዎ ቆሞ ሰዓት ጠጋኙ አደም ዘንድ በተዉት ዕለት ባዶ እጅዎን ወደ መለኪያው ቢያስጠጉ ዝም አለ። እርስዎም በደስታ «ይኸው፣ በተሐድሶ ታርሟል!» ብለው ሁለታችንንም ፈቱን። በሳይንስ ታሪክ ንስሐ የገባ መሣሪያ የእኔው ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ከነታራሚ መለኪያዬ እጅ እየነሳሁ፣ ይህን ሲያነቡ የተሳፈርኩበት መኪና ከግዛትዎ ወጥቶ ይፋግን እንዲያልፍ የምጸልይ፣ አክባሪዎ

እሸቴ ወርቁ

ማሳሰቢያ፦ ስንሰነባበት፣ ይህ መሣሪያ ጸረ አብዮተኛን ይለይ እንደሆነ በጆሮዬ ጠይቀውኝ ነበር። አይለይም። ድንቁርናንም አይለካም፤ የሚለካ ቢሆን ኖሮ ወደዚህ ስመጣ ገና ሩቅ ካለው ጣራ ገዳም ሳልደርስ መጮህ በጀመረ ነበር።